አሥራ አንድ ሜትር

አዳማ ነፋሱ ከሰው ቀድሞ ነቅቷል፣
የቢሮዬን መስኮት ገፍቶ ከፍቶ ገብቷል።
ፕላኑ እንዳይበር ከጠረጴዛዬ፣
በአንድ ጫፉ ማኅተም፣ በአንድ ጫፉ ሻዬ፣
በሦስተኛው ድንጋይ፣ በአራተኛው ክንዴ፤
ከተማ የሚያዘው እንዲህ ነው አንዳንዴ።

ከኮረብታው ግርጌ፣ ከወፍጮ ቤት ማዶ፣
አንድ ሜዳ አለ፣ ለጥ ያለ፣ ባዶ።
"ባዶ" ይላል እንግዳ፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣
አረንጓዴ ቀለም በእጄ ቀብቻለሁ፤
በጋ የኳስ ሜዳ፣ አቧራው የሚጨስ፣
ክረምት የጎርፍ ሆድ፣ ቤት ደጃፍ ሳይደርስ
ጠጥቶ የሚያስቀር።
የመሬት አጠቃቀም ይኸው ነው፦ ባዶውን ማክበር።

መጋቢት ላይ መጣ ኢንጂነር ቡሽራ፣
ጥቅል ወረቀት ይዞ፣ ብዙም ሳያወራ።
ካርታዬ ላይ ማስመሪያ አጋደመና አሰመረ፦
"ከማከፋፈያው እስከ ጤና ጣቢያው ይኸ ነው ያጠረ።
ምሰሶ ቁጥር ዐርባ ሦስት እዚህ መሐል ይተከላል፤
ቀጥታ መስመር ርካሽ ነው፤ የታጠፈ ብር ይበላል።"
"አረንጓዴ ነው" አልኩት።
"ጨለማም ቀለም አለው" አለኝ፤ መልስ አጣሁለት።
እሱም ማኅተም አለው፣ እኔም ማኅተም አለኝ፤
የሱም ክብ፣ የኔም ክብ፤ ክብና ክብ ሲጋጭ ማዕዘን ከየት ይገኝ?

በነጋታው ብሄድ ቀይ ችካሎቹ የሉም፤
ልጆቹ ነቅለዋቸው ጎል ሆነዋል ሁሉም።

ቅዳሜ፣ ቀበሌ አዳራሽ፤ ሰው ሞልቷል እስከ በረንዳ።
ገመቹ ባለወፍጮው፦ "ሞተሬ ሦስቴ ተቃጠለ፤ ማነው የሚከፍልልኝ ዕዳ?"
አንዱ "ሜዳው ይቅር!" ሲል፣ አንዱ "ሽቦው ይቅር!" ሲል፣
ድርግም አለ መብራቱ።
ሳቀ አዳራሹ፣ ከቆርቆሮው እስከ መሠረቱ።

ሲስተር ሎሚ ግን አልሳቀችም፤ ብርሃን እስኪመጣም አልጠበቀች፤
ከጨለማው መሐል ጀመረች፦
"እኔ ለምጃለሁ፤ የስንቱን ልጅ ራስ በስልክ ባትሪ ተቀበልኩ፣
የክትባቱ ማቀዝቀዣ ሲሞቅ በረዶ ፍለጋ ስንቴ ሮጥኩ።
ሽቦው ይምጣ፤ ዛሬ ይምጣ።
ግን ያ ሜዳ የጠጣው ጎርፍ ነው፣ እኔ ደጅ ያልመጣ።
ብርሃን ያለው ጤና ጣቢያ ውሃ ቢውጠው ለማን ሊረባ?
ሽቦ ሲታጠፍ ያመዋል? ፕላን ሲነካ ይደማል?
ወይስ በሁለታችሁ መሐል እልህ ነው የገባ?"

እሁድ ማለዳ፣ እሱ የሜትሩን ጫፍ፣ እኔ መጠቅለያውን ይዘን፣
አራት ጊዜ ለካን፤ ነፋስ እየገፋን፣ ተሳስተን፣ ተናደን፤
አሥራ አንድ ሜትር።
ምሰሶው ወደ ምሥራቅ ቢጠጋ፣ ወደ ድንጋዩ፣ ወደ ቁልቋሉ አጥር፣
ሜዳው ከጎኑ ይቆረሳል እንጂ ከሆዱ አይወጋም።
(የማዕዘን ምሰሶ ውድ ነው፤ ቡሽራ ዋጋውን ሲጽፍ እጁ ረግቶ ነበር አልልም።)
የአቶ ሙርጋ ጓሮ፣ ሦስት የፓፓያ ዛፍ፣ በሽቦው ሥር ወደቀ፤
ካሳው እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት ነው፣ እዚያው ደረቀ።
ሙርጋ ፈረመልኝ፤ እጄን ግን አልጨበጠ።

አሁን መብራት አለ፤ ማለቴ፣ ብዙውን ቀን አለ።
በምሥራቅ በኩል የማዕዘን ምት የለም፤
ልጆቹ ሕጉን ቀየሩት፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ማኅተም።

እኔ ካርታውን ላርም ቁጭ ብያለሁ፤
በአረንጓዴው ጠርዝ ቀይ ነጠብጣብ እስባለሁ።
ከታች፣ የቀለም መፍቻው ላይ፣ ቢጫው የመኖሪያ ይላል፣
ወይን ጠጁ የፋብሪካ ይላል፤
"የሁለቱም" የሚል ቀለም የለም።
እርሳሴን አስቀመጥኩ።
ነፋሱ ገጹን አነሣው፤ ክንዴን ጫንኩበት።
ውጭ ሽቦው ያፏጫል።
በሩ ተንኳኳ፤
ከውሃ መሥሪያ ቤት ነው፣ ጥቅል ወረቀት ይዟል።